ለአንድ ሰው የሚሆን መወጠሪያ

ኤልዳ ኡንሩ መቀሷን ባትረሳ ኖሮ፣ ያን ሐሙስ እንደ ሌላው ሐሙስ ሁሉ ቤቷ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ ጋደም ትል ነበር። ግን ረሳች። ከመኪና ማቆሚያው ተመልሳ የቤተ ክርስቲያኑን የምድር ቤት ደረጃ እስከ ግማሹ እንደወረደች የታናሽ እህቷን የትዊላን ድምፅ ሰማች።

«ሁሉንም ፍቺው ባክሽ፤ ከዚህች ቅጠል ጀምረሽ እስከ ጥጉ። የኤልዳ እኮ ነው።»

«ይቺን እንኳ ብንተዋት ምን አለ? ትንሽ ነው የተንሻፈፈችው» አለች ጎረቤቷ ማርቬላ።

«እንዴ! ሚያዝያ ላይ ሰዉ በጥፍሩ እየዳሰሰ እኮ ነው የሚጫረተው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈታ ኖሬ ዛሬ ልተው?»

ኤልዳ በደረጃው ብረት መካከል አጮልቃ አየች። ስምንቱ የስፌት ማኅበሩ ሴቶች ዙሪያውን የሚቀመጡበት የእንጨት መወጠሪያ እንደ ወትሮው ክፍሉን ሞልቶታል። በላዩ ገንዘቡ ለተራቡ ለሚውለው ለሚያዝያው የሀቺንሰን ከተማ ጨረታ የሚሰፋው ኩዊልት ተወጥሯል፤ አረንጓዴና ነጭ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመበት፣ መሐሉ ጥጥ የገባበት ድርብ ብርድ ልብስ ነው። በመስኮቱ በኩል፣ ኤልዳ ሃያ ስድስት ዓመት በተቀመጠችበት ወንበር ላይ ትዊላ ተቀምጣ፣ በራሷ በኤልዳ መቀስ ጫፍ ክሩን ብድግ እያደረገች ትመዛለች። ኤልዳ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ የሰፋችው ሁሉ ብጥስጣሽ ክር ሆኖ ከአንድ ሰሃን ውስጥ ተከምሯል። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት አልነበረም፤ ሀፍረት ነው፣ ገላዋን ስትታጠብ በር የተከፈተባት ዓይነት ሀፍረት። ጧት ከሴቶቹ አንዷ «ዛሬማ እጅሽ ቀንቶታል!» ብላት ደስ ብሏት ነበር። ያቺም ሴት ታውቅ ኖሯል ማለት ነው። ሁሉም ያውቃሉ፤ ጎመንና የተፈጨ ሥጋ የተጠቀለለበትን ትኩስ ዳቦ አብረዋት እየበሉ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው እያወሩ፣ እሷ ወጥታ እስክትሄድ ይጠብቁ ነበር። ኮቴዋን አጥፍታ ወደ ላይ ወጣች።

እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሐኪሙ «የሚያስጨንቅ አይደለም፤ በዘር የሚመጣ ነው» ብሎ ሸኝቷታል። እውነቱን ነው፤ እናቷ ሴልማም እንዲሁ ሆና ነው ያረጀችው። ስኒ ስትይዝ ይንቃጨላል፣ በር ስትከፍት ቁልፉ ቀዳዳውን ይስታል። መርፌ ላይ ግን እንደ ድሮዬ ነኝ ብላ ታምን ነበር። ለምን አታምን? ሐሙስ ስትሰፋ መስመሩ የሄደበትን ያጣ ይመስላታል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ መጥታ ስታየው ቀጥ ብሎ፣ ስፌቱ ከስፌት ሳይበላለጥ ታገኘዋለች። «ዓይኔ ነው እንጂ የሚያስተኝ እጄስ ደህና ነው» እያለች አምላኳን ስታመሰግን ነበር የከረመችው። አሁን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ያ ምስጋና ሁሉ ትዝ አላት፤ ያኔ ነው ንዴቱ የመጣው።

ወደ ቤቷ አልሄደችም። ከተማቸው ዊቺታ የካቲት ላይ ነፋሷ መኪና ይገፋል፤ መሪውን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ወደ ምዕራብ ነዳች። በጎማ መሸጫና በዶናት ቤት መካከል ያለውን የስፌት መኪና መደብር ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ስታልፍ ፍጥነቷን እየቀነሰች በመስታወቱ ታየው ነበር። ውስጡ የቆሙትን ባለረጅም ክንድ መኪናዎች ታውቃቸዋለች። ትልቁ ብርድ ልብስ ሳይታጠፍ የሚዘረጋባቸው፣ በእጅ ስምንት ሴት ሦስት ወር የሚፈጅባትን በሁለት ቀን የሚጨርሱ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በማታ ፈረቃ የአውሮፕላን ወንበር ልብስ ስትሰፋ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ስለሆነች የስፌት መኪና ድምፅ አያስደነግጣትም፤ እንዲያውም ይናፍቃታል። ለማንም ያልተነገረ ምኞት ነበር። የማኅበሩ ሴቶች በመኪና የተሰፋ ብርድ ልብስ ሲያዩ አፍንጫቸውን ይነፋሉ፤ ጨረታውም ላይ የሚወደደው በእጅ የተሰፋው ነው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ነው የተወችው። ዛሬ ግን የምትፈራው ሰው አልነበረም።

«ለቤት ነው ወይስ ለንግድ?» አለቻት ጃና የምትባለዋ ሻጭ፣ መነጽሯ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ አርባን ያለፈች ሴት።

«ለቤት። ለኔ ለብቻዬ።»

ጃና መጀመሪያ ያሳየቻት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ነው። እንደ ጠረጴዛ ናት፤ ቁጭ ብለሽ ክርንሽን አስደግፈሽ፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ጨርቁን አንቺ ታዞሪዋለሽ። ስድስት ሺህ አራት መቶ ዶላር። ኤልዳ ዳሰስ አድርጋት አለፈች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎብጣ የሰፋችው አንሷት ነው? ሁለተኛው አሥራ ሁለት ጫማ የሚረዝም የብረት መወጠሪያ ላይ በሐዲድ የሚሄደው ነው፤ ጨርቁ እንደተወጠረ ይቀመጣል፣ ሰፊዋ ሁለት እጀታ ይዛ እየተራመደች መኪናውን ትነዳዋለች። አሥራ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ። ሦስተኛው እሱው ራሱ ሆኖ ኮምፒዩተር የተገጠመለት ነው፤ ሠላሳ አንድ ሺህ።

«ይኼኛውማ ራሱን የቻለ ነው» አለች ጃና። «ሥዕሉን ይመርጡለታል፣ አንዲት ቁልፍ ይጫናሉ፤ ከዚያ ቡናዎን ጠጥተው ሲመለሱ ጨርሶ ይጠብቅዎታል።»

«እኔስ ምን እሠራለሁ?»

«ክር ከተበጠሰ ይቀጥላሉ።»

«ዘበኛ ነኝ በይኛ!»

ጃና ሳቀችና ወደ ሁለተኛው ወሰደቻት። የመሞከሪያ ጨርቅ ተወጥሮበታል፤ የሰው ሁሉ ስም በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በጥቁር ክር ተጽፎበታል። እጀታ የጨበጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰፋው ስሙን ነው። ኤልዳ ያዘችው። መኪናው ትልቅ ይሁን እንጂ በሐዲዱ ላይ በጣት ብትገፋው ይሄዳል፤ ቁልፉን ስትጫነው ድምፁ በክንዷ ገብቶ ትከሻዋ ላይ ደረሰ። የሚያስገርመው ነገር፣ እጅሽ ቢፈጥን ይፈጥናል፣ ቢዘገይ ይዘገያል፤ ስፌቱ ግን መጠኑን አይለውጥም፤ እያንዳንዱ እኩል ነው። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ኤልዳ ብላ ጻፈች፤ ጨምራ አበባ ልትሥል ሞከረች። ሃያ ዓመት የቀነሰላት መሰላት። ቁልፉን ለቃ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየችው። ስፌቱ እንደተባለው እኩል ነበር። መስመሩ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ስሟ ከላይ እስከ ታች ብርድ የያዘው ሰው የጻፈው ይመስላል። መኪናው የሚያስተካክለው የስፌቱን ርዝመት እንጂ የሚነዳውን እጅ አልነበረም።

«ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ እጅ ሲቆይ ይለምዳል» አለች ጃና ቶሎ ብላ።

«የኔ እጅ የሚለምድበትን ጨርሶ፣ ልጄ፣ የሚረሳበት ላይ ነው ያለው።»

ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ሦስተኛው ላይ ቀረ። እሱ አይንቀጠቀጥም። እሱ የሰፋውን ማንም አይፈታም፤ ትዊላም ማርቬላም ቢያገላብጡት የሚነቅፉት አያገኙበትም። ገንዘቡ ከጡረታ ቁጠባዋ ይወጣል፤ ለዚያ አልተጨነቀችም። ጃና ስለ ክፍሉ ስፋት ጠየቀቻት፤ ከመወጠሪያው ሌላ ከፊቱም ከኋላውም መመላለሻ ያስፈልጋል። «መጀመሪያ ወለሉ ላይ ለክተው ይለጥፉት። ስንቱ ገዝቶ ከወሰደ በኋላ ነው በር የሚያስቆርጠው!» ብላ አንድ ጥቅል ሰማያዊ ፕላስተር በነፃ ሰጠቻት።

ባሏ ቨርጂል የከተማ አውቶቡስ መካኒክ የነበረ ነው፤ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ያስደስተዋል። ሚስቱ ለምን በድንገት ሠላሳ አንድ ሺህ ዶላር የሚያወጣ መኪና እንደፈለገች አልጠየቀም፤ የጠየቀው ስለ ሐዲዱ ነው፣ በኩሽኔታ ነው የሚሄደው ወይስ በጎማ? ዘይትስ ይፈልጋል? ኤልዳ ወረቀቱን ሰጠችው። ምክንያቱን ልትነግረው የምትችለው ሰው ራሱ እንዳልጠየቀ አይታ እፎይ አለች፣ ደግሞም ቅር አላት። አርባ ስድስት ዓመት አብራው ኖራ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው ቢላት ኖሮ አልቅሳ ትነግረው ነበር።

የሚበቃው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ ኦሪገን ያለችው ልጃቸው ጃኔል ለገና ስትመጣ የምታድርበት የጓሮው ክፍል። ቁምሳጥኑ ወደ መተላለፊያው ወጣ፤ ጠረጴዛው ወደ ጋራዥ። ቨርጂል ሜትሩን ይዞ ተንበርክኮ እየለካ «አልጋው ካልወጣ ምንም ተስፋ የለውም» አላት። «ለጃኔል የሚታጠፍ ሶፋ እንገዛላታለን፤ ሳሎን ትተኛለች። ይኼን የእናትሽን ብርድ ልብስ የት ላድርገው?»

«ስጠኝ፣ እኔ አስቀምጠዋለሁ።»

አልጋው ላይ የነበረው እናቷ ከመሞቷ በፊት በማኅበሩ መወጠሪያ ላይ የሰፋችው የመጨረሻው ኩዊልት ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ጨረታው ላይ ኤልዳ ራሷ ከሌላ ሰው ጋር ተፎካክራ ነበር ያስቀረችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የእማዬ የመጨረሻ ሥራ ነው» ትላለች፤ እንግዳውም «እንዴት ያሉ እጆች ነበሯት!» ይላል። አሁን አጣጥፋ ልታነሳው ስትል ያ ክር የተከመረበት ሰሃን ትዝ ብሏት ቆም አለች። ቨርጂል ለመሰርሰሪያው ወደ ጋራዥ ሲሄድ ወደ መስኮቱ ወስዳ ዘረጋችው፤ መነጽሯን አድርጋ የእናቷን ስፌት ፈለገች። በስተቀኝ ያለውን ጠርዝ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ጥቃቅን ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፤ የራሷ የኤልዳ ነው። ጥጉ የትዊላ ነው፤ ትዊላ ስፌት ስትጨርስ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ትመልሳለች። መሐሉ የራሷ። እናቷ የምትቀመጥበትን ጎን ታስታውሳለች፤ በስተግራ ከታች ነበር። እሱንም አየችው። የራሷ ነው።

ማን ፈታው? እሷው ናት። ያኔ አርባ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እጇ እንደ ልቧ የሚታዘዝላት፣ ትንሽም የምትኮራ ሴት። እናቷ ኮቷን ለብሳ ስትወጣ ደረጃው ረጭ እስኪል ትጠብቅና፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ያንን የሚንቀጠቀጥ መስመር ስፌት በስፌት ትመዘዋለች፤ ትዊላ አጠገቧ ቁጭ ብላ መርፌ ላይ ክር እየሰካች ታቀብላታለች። ሦስት ክረምት እንዲህ ሆኗል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል ሰምታለች፤ የሚመጣው ግን ለሌላ ሰው ይመስላት ነበር። ያስለቀሳት ግን እሱ አይደለም። የእናቷ የመጨረሻ ሦስት ዓመት እጅ በየትኛውም ጨርቅ ላይ የለም። አንድ ስፌት እንኳ የለም። ሁሉንም አጽድተው ጨርሰውታል። ልትነካው፣ ጣቷን ልታሳልፍበት ፈለገች፤ ያ ጠማማ መስመር ዛሬ እንዴት ይናፍቃል! ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

አሥር ሰዓት ላይ ትዊላ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ በወጥ ቤቱ በር ገባች።

«መቀስሽን ረስተሽ፣ ስልክም አታነሺ! ቨርጂል ጓሮ ናት ባይለኝ ኖሮ ወድቃ ይሆናል ብዬ ደንግጬ...» ክፍሉ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ቃሏን አቋረጠች። ወለሉ ላይ በሰማያዊ ፕላስተር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ረጅም አራት ማዕዘን ተለጥፏል። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ሬሳ ልታወጪ ነው?»

«የስፌት መኪና ላስገባ ነው። ባለረጅም ክንዱን።»

ትዊላ ፕላስተሩን ላለመርገጥ ተጠንቅቃ ዙሪያውን ሄደች፤ ከፊት በኩል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀርቷል፣ ከኋላ እሱም ጠባብ ነው። «ወንበሮቹስ የት ይገባሉ?» አለች።

«ወንበር የለውም። ለአንድ ሰው ነው የሚሆነው።»

ጋራዥ ውስጥ ቨርጂል ብረት ነገር ይቀጠቅጣል። ትዊላ መቀሱን መስኮቱ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ መልሳ አነሳችው፤ ከዚያ አስቀመጠችው።

«ደረጃው ላይ ነበርሽ» አለች።

«ነበርኩ።»

«ኡፍ! እኔ ደግሞ ነፋሱ ነው ብዬ...»

«ሁለት ዓመት ትዊላ። ሁለት ዓመት ሙሉ አሞኘሽኝ።»

«አዎ አሞኘሁሽ! ሐሙስ ሐሙስ ወገቤ እስኪቆረጥ እየፈታሁ፣ መልሼ እየሰፋሁ አሞኘሁሽ። ብነግርሽ ትቀሪ ነበራ! አውቅሻለሁ እኮ፤ ኩራትሽን አውቀዋለሁ። አንቺ ከቀረሽ እዚያ ምድር ቤት ማንን አይቼ ነው የምቀመጠው? የማርቬላን የጉልበት ሕመም ታሪክ ብቻዬን ልስማ?» ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ ስለተሰበረባትም ተናደደች። «ይኼው፣ ሳትነግሪኝ ልትቀሪ እኮ ነው ክፍል የምትለኪው።»

ኤልዳ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «ነይ እስቲ። የእማዬን ስፌት አሳዪኝ።»

ትዊላ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጎንበስ ብላም አላየችም። «የለም። ምን ሊኖር? አንቺ ነሽ የፈታሽው፣ እኔ ክር ስሰካ።»

«ሳታውቅ ሞተች ብዬ ነበር ስጽናና የኖርኩት።»

«ታውቅ ነበር።»

«ነገረችሽ?»

«አልነገረችኝም። አንድ ሐሙስ ቀድሜ ገባሁ፤ ብቻዋን ወንበሯ ላይ ሆና አንቺ የሰፋሽውን በጣቷ ታሻሸዋለች። ስታየኝ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹አየሽ ትዊላ፣ ባለፈው ሳምንት እጄ እንዴት ጎብዞ ነበር!› ብላ ሳቀች። ከዚያ መርፌዋን አንስታ ቀጠለች።»

ኤልዳም ሳቀች፤ እናቷ እንዲያ ስትል ይታያታል፣ ከንፈሯን በአንድ በኩል ሰብሰብ አድርጋ። ሳቁ ግን አልጨረሰም፤ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ ትዊላም እጇን ያዘቻት። የሚንቀጠቀጠውን ነው የያዘችው፤ እንዲቆም ብላም አልጨበጠችውም፤ እንዲሁ ያዘችው። ልጆች ሳሉ ካልሆነ በቀር እንዲህ ተያይዘው አያውቁም፤ በእነሱ ቤት ፍቅር በምግብና በሥራ እንጂ በእጅ አይገለጽም።

«እናስ፣ መኪናው?» አለች ትዊላ ቆይታ።

«ትንሿን ነው የማደርገው፤ ክርን የምታስደግፈውን። ቁጭ ተብሎ ነው፣ ጥግ ትበቃታለች። አልጋው ይመለስ፣ ጃኔልም ሶፋ ላይ አትተኛም።» ያንን ሐዲድ እንደሚናፍቃት ታውቃለች፤ የእጀታው ንዝረት ገና ትከሻዋ ላይ አለ። «ለራሴ የምሰፋውን እሷ ላይ እሰፋለሁ። ሐሙስ ደግሞ እመጣለሁ።»

«ተመስገን!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ፍቺ፤ አልከለክልሽም። ጨረታው የተራቡ ሰዎች ገንዘብ ነው፣ በኔ ኩራት አይጎድልም። ግን ከያንዳንዱ ብርድ ልብስ አንድ ስንዝር ተይልኝ።»

«አንድ ስንዝር ምን?»

«እኔ የሰፋሁትን። እንደተንሻፈፈ።»

ትዊላ አሰበች። የልብስ ሰፊ ሴት ነገር፣ ወዲያው የት ቢሆን እንደሚያምር ነው ያሰበችው። «ከጠርዙ አካባቢ ይሻላል» አለች በልስላሴ። «ማንም አያየውም።»

ኤልዳ እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ዓይኗ ግን ጉልበቷ ላይ ባለው፣ ምንም እንከን በሌለው የእናቷ ብርድ ልብስ ላይ አረፈ።

«መሐሉ ላይ» አለች።